መንገደኛና ገላው
በመካነ ሰላምና በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ከንፋስ፥ ከጢስና ከአቧራ ስለ መጠበቅ ታሪክ

የአንድ አገር ሕዝብ ስለ አየር ያለውን አስተሳሰብ ለመረዳት የሚሻ ሰው፥ ሕዝቡ ከቤቱ ወጥቶ መንገድ ሲጀምር የትኛውን የገላውን ክፍል እንደሚሸፍን፥ የትኛውንም እንደሚገልጥ ቢመለከት ከብዙ ጥያቄ ይድናል። በወሎ ደጋ መንገደኛ ራሱን ይከናነባል፤ አፉንና አፍንጫውን በነጠላው ጫፍ ይጋርዳል፤ ያለው ሰው ጠጕሩንና ፊቱን ቅቤ ያስነካል። እግሩ ግን ለብዙ መቶ ዓመታት ባዶውን ሄዷል። ከቤቱ ገብቶ ነጠላውን ሲያወርድም ጢስ በሞላው ጎጆ ውስጥ ያለ ሥጋት ይቀመጣል። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ይህ የጥንቃቄ አከፋፈል ነው። አባቶቻችን ከምን ፈርተው ገላቸውን እንደ ጠበቁ፥ ምኑን ሳይፈሩ እንደ ተዉት፥ የመኪና መንገድ ከመጣም በኋላ የዱሮው ጥበቃ ምን ያህል እንደሚያገለግል እንመረምራለን።

በየቀኑ ወደ ሥራው የሚመላለስ ሰው ገላውን ከተበከለ አየር እንዴት ይጠብቅ የሚለው ጥያቄ ዛሬ በታላላቅ ከተሞች የቆዳ ሐኪሞች ዘንድ እንደ አዲስ ነገር ይነሣል። ነገር ግን በየሳምንቱ ወደ ገበያ፥ በየዕለቱ ወደ ውኃና ወደ እርሻ፥ በበዓል ጊዜ ደግሞ ወደ ግሸን ማርያም ወይም ለመውሊድ ወደ ጀማ ንጉሥ ይጓዝ የነበረው የወሎ ሰው ለዚህ ጥያቄ የራሱ መልስ ነበረው። መልሱን በአለባበሱ፥ በቅባቱና በሚሰጋባቸው በሽታዎች ስም ውስጥ እናገኘዋለን።

መካነ ሰላም የቦረና ወረዳ ከተማ ስትሆን፥ ከባሕር ወለል በላይ ከ2500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በስተምሥራቅ ለጋምቦ፥ በስተሰሜን የሳይንት አገር፥ በስተደቡብ ወግዲና ከላላ አሉ፤ በስተምዕራብ ምድሩ እየተቈራረጠ ወደ ዓባይ ይወርድና ከወንዙ ማዶ ምሥራቅ ጎጃም ይጀምራል። ስለዚህ ከቦረና ተነሥቶ ወደ ጎጃም የሚሻገር ነጋዴ በአንድ ጉዞ ደጋውንም ቆላውንም ይቀምሳል፤ ማለዳ ውርጭ የነካው ፊት ኋላ በበረሓው ፀሓይ ይለበለባል። ክረምቱ ከወጣ በኋላ አፈሩ ይደርቃል፤ አህያና በቅሎ የረገጡት ጎዳና ይደቅቃል፤ በየውድማው እህል ሲያበራዩ እብቁ ከነፋሱ ጋር ይነሣል። ከዚህም በላይ የከፍታው ነገር አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያስረዳው ከፍታ በ1000 ሜትር በጨመረ ቍጥር አልትራ ቫዮሌት የሚባለው የፀሓይ ጨረር ከመቶ 10 እጅ ያህል ይጨምራል። እንግዲህ በመካነ ሰላም ጎዳና የሚሄድ ሰው በዚያው ኬክሮስ በባሕር ዳርቻ ከሚሄደው ይልቅ ሩብ ያህል የበለጠ ጨረር ይቀበላል ማለት ነው። ብርዱ ግን ይህን ይሸሽገዋል፤ ሰው በብርድ አገር ፀሓይ እንደሚያቃጥል በቶሎ አይገነዘብምና።

የአገራችን ሰው ይህን በጨረር ስም ባያውቀውም በሌላ ስም ያውቀው ነበር፤ ይኸውም ምች የሚሉት ነው። ምች ድንገት የሚመጣ ሕመም ሲሆን፥ ራስ ያዞራል፥ ያተኵሳል፥ በከንፈርና በአፍንጫ ዙሪያም ቍስል ያወጣል። ስሙ ራሱ መምታት ከሚለው ግሥ የወጣ ይመስላል፤ «ምች መታው» ይባላልና፥ አየሩ እንደ ጠላት ከውጭ መጥቶ ገላን የሚመታ ነገር ሆኖ ይቈጠራል። የምች መንገዱም የታወቀ ነው። ላብ ሳይደርቅ ለንፋስ መጋለጥ፥ ቅባት ያለው ምግብ በልቶ ወይም ቡና ጠጥቶ ወዲያው ፀሓይ ላይ መውጣት፥ ከሞቀ ቤት ራስን ሳይሸፍኑ ወደ ደጅ መዝለቅ ምች ያመጣሉ ይባላል። መድኃኒቱ ዳማ ከሴ ነው፤ ቅጠሉ ታሽቶ ጭማቂው ይጠጣል፥ ገላም ይታሽበታል፤ ስለዚህ በብዙ ደጋ አገር ቤት ጓሮ ይህ ተክል አይጠፋም።

የዘመኑ ሕክምና በከንፈር ላይ የሚወጣውን ይህን ቍስል ሄርፒስ ከሚባል ቫይረስ የመጣ እንደ ሆነ ያውቃል። ቫይረሱ አንድ ጊዜ ከገባ በነርቭ ውስጥ ተደብቆ ይኖርና፥ ትኵሳት ወይም ብርቱ ፀሓይ ሲያገኝ ይቀሰቀሳል። እንግዲህ ባላገር «ፀሓይ ምች አመጣብኝ» ሲል የበሽታውን ዘር ባይለይም የሚቀሰቅሰውን ነገር በትክክል ለይቷል። ውጭ አገር ተምረው የተመለሱ ሰዎች ምችን እንደ አጕል እምነት አድርገው ሲያናንቁ ስሰማ ሁልጊዜ ቅር ይለኛል። ምች የበሽታ ስም ብቻ አይደለም፤ አንድ ሕዝብ ስለ አየርና ስለ ቆዳ ያለው ትምህርት ሁሉ በአንድ ቃል ተጠቅልሎ የተቀመጠበት ነው። ከቤት ሲወጡ መከናነብ የዚህ ትምህርት ተግባር ነው።

የተግባሩ ዋና መሣሪያ ነጠላና ጋቢ፥ በብርዱ አገር ደግሞ ከበግ ጠጕር የሚሠሩት በርኖስና ባና ናቸው፤ የወሎ ሴቶች ጉፍታቸውን ይጨምራሉ። ሳይመን መሲንግ የተባለው የሰው ልጅ ባህል ተመራማሪ በፈረንጅ አቈጣጠር በ1960 አንትሮፖስ በተባለው መጽሔት ባወጣው ጽሑፍ፥ የኢትዮጵያ ሰው ሸማውን የሚለብስበት ሁኔታ ያለ ቃል የሚናገር ቋንቋ መሆኑን አስረድቷል። ሐዘንተኛው፥ ቤተ ክርስቲያን ሳሚው፥ ተሟጋቹ፥ ጌታውና ሎሌው ሁሉ ሸማቸው ይናገርላቸዋል። መሲንግ የተመለከተው የማዕርጉንና የስሜቱን ቋንቋ ነው፤ እኛ ደግሞ ከዚያው ላይ ሌላ ነገር እናነባለን፤ ይህ ቋንቋ የአቧራውን ጥበቃ እንዴት እንዳከፋፈለው ይታያልና።

ጌታ በበቅሎ ተቀምጦ ሲሄድ ሸማውን እስከ ዓይኑ ሥር አድርሶ አፉንና አፍንጫውን ይሸፍናል። ይህም የክብር ምልክት ነበር፤ ከቡዳ ዓይንም ይከልላል ይባል ነበር። ሎሌው ግን በጌታው ፊት ሸማውን ከትከሻው አውርዶ በወገቡ ማደግደግ አለበት፤ ደረቱም ፊቱም የተገለጠ ነው። አሁን አንባቢ ይህን ሰልፍ በበጋ ጎዳና ላይ በዓይነ ኅሊናው ይመልከት። ከአቧራው ከፍ ብሎ በበቅሎ ላይ የተቀመጠው ሰው ተሸፍኗል፤ በቅሎዋ በምታስነሣው አቧራ መካከል ጋሻ ተሸክሞ በእግሩ የሚሮጠው ጋሻ ጃግሬ ደግሞ ተገልጧል። ይህ ሥርዐት ሲደነገግ ማንም ስለ ሳንባና ስለ ቆዳ አላሰበም፤ ውጤቱ ግን መከላከያውን ብዙም ለማያስፈልገው ሰጥቶ ለሚያስፈልገው መከልከል ነበር። ለነጋዴውና ለገበሬው ነገሩ ቀለል ያለ ነው። ጌታው ከፊቱ ከሌለ እርሱም እንደ ወደደው ይከናነባል፤ በውድማ ላይም እብቅ ሲነሣ ፊቱን መጠቅለሉን ማንም አይነቅፍበትም።

ነጠላ በእውነት አቧራ ይከለክላል ወይ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። በጎዳና የሚነሣው አቧራ አብዛኛው ወፍራም ነው፤ እንዲህ ያለው በጥጥ ጨርቅ፥ ይልቁንም ሁለትና ሦስት ጊዜ በታጠፈ ጨርቅ ይያዛል። ፀሓዩንም ነጭ ሸማ ይመልሰዋል፤ ደረቁ ንፋስም የፊትን እርጥበት እንዳይመጠው ያግዳል። እንግዲህ በእግርና በበቅሎ ዘመን ለነበረው አየር የተከናነበ ሰው በሚገባ የተጠበቀ ነበር ለማለት እንደፍራለን። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የኮቪድ በሽታ ወደ አገራችን በገባ ጊዜም አፍንና አፍንጫን መሸፈን ለደጋው ሰው እንግዳ ትእዛዝ አልነበረም።

ሁለተኛው መሣሪያ ቅቤ ነው። ማንስፊልድ ፓርኪንስ የተባለው እንግሊዛዊ በፈረንጅ አቈጣጠር ከ1843 እስከ 1846 በሰሜን ኢትዮጵያ ተቀምጦ እንደ አገሬው ለብሶ፥ ባዶ እግሩን ሄዶ፥ ጠጕሩን ቅቤ ተቀብቶ ኖሯል፤ ይህንንም በ1853 ባሳተመው መጽሐፉ ገልጾታል። ሌሎች ብዙ የውጭ መንገደኞች የቅቤውን ሽታ ከመጥላት በቀር ሥራውን አልመረመሩም። ቅቤ በሰው ገላ ሙቀት አካባቢ የሚቀልጥ ስለ ሆነ በቆዳ ላይ ስስ ሽፋን ሆኖ ይዘረጋል፤ ሽፋኑም የቆዳው ውኃ ወደ ደረቅ አየር እንዳያመልጥ ይይዘዋል። በፈረንጅ አቈጣጠር በ1872 በአሜሪካ ፓተንት የተሰጠው ቫዝሊን የሚሠራው ሥራ ይኸው ነው፤ ቫዝሊን በየሱቁ ሲገባም የደጋው ሰው አገባቡን ሳይማር በቅቤው ቦታ ተቀብሎታል። ይሁን እንጂ ቅቤ ለገበያና ለግብር የሚፈለግ ነገር ነበር። የቅቤውን ቅል በጀርባዋ አዝላ ወደ ገበያ የምትወርድ ሴት የራሷ ጠጕር ደረቅ ሆኖ መገኘቱ አያስደንቅም።

የፊቱን ጥበቃ እዚህ ላይ ገታ አድርገን ወደ ቤት እንግባ፤ ትልቁ ጢስ በመንገድ ላይ አልነበረምና።

ንፋስን እንደ ጠላት የሚቈጥረው ሕዝብ ጢስን እንደ ወዳጅ ይቈጥረዋል። የወተት ዕቃ በወይራ ወይም በጥንጁት ይታጠናል፤ ቤተ መቅደስ በዕጣን ይታጠናል፤ ቡና ሲፈላ ዕጣን ይጤሳል፤ የወሎ ሴትም ገላዋን በወይባ ትታጠናለች። ማጠን የሚለው አንድ ግሥ እነዚህን ሁሉ ሲያገለግል ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ ጢስ ያጸዳል፥ ክፉውን ሽታና ክፉውን መንፈስ ያርቃል ማለት ነው። ወይባ የቆላ እንጨት ስለ ሆነ ወደ ደጋው የሚወጣው በገበያ ነው። በቤቱ ወለል ላይ ጕድጓድ ይቈፈርና እንጨቱ ይጨስበታል፤ ሴቲቱ ገላዋን ቅባት ተቀብታ ከላይ እስከ ታች በባና ወይም በወፍራም ልብስ ተሸፍና ከጕድጓዱ ላይ ትቀመጣለች፤ ራሷ ብቻ ከሽፋኑ ውጭ ይቀራል። ሙሽሮችና አራሶች ይህን ይመርጣሉ። ላቡ ከወጣ በኋላ ቆዳው ይለሰልሳል፥ ወደ ብጫ የሚያደላ መልክም ይይዛል፤ የወሎ ሴት ውበት ሲነሣ ከሚነሡት ነገሮች አንዱ ይህ ነው። አፍንጫና ዓይን ከሽፋኑ ውጭ መቅረታቸው ማለፊያ ጥበብ ነው፤ ገላ ጢሱን ሲያገኝ ሳንባ የሚያገኘው ግን ጥቂቱን ብቻ ነው።

ይህ ጥበብ በምድጃው ዘንድ የለም። የደጋው ወሎ ደን ከጥንት ጀምሮ ተመንጥሮ እያለቀ ሄዷል፤ በቦረናና በሳይንት መካከል ከተረፈው አንዱ፥ አሁን የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ በሚባለው ውስጥ ያለው የደንቆሮ ጫካ ነው። እንጨት ባነሰበት አገር ኵበት ይነድዳል፤ ኵበት ደግሞ ጢሱ ብዙ ነው። ቤቱ ለብርዱ ሲባል መስኮት የለውም፤ ጢሱ በክዳኑ ሣርና በበሩ በኩል ቀስ እያለ ይወጣል፤ በጣራው እንጨት ላይ የሚንጠለጠለው ጥቀርሻ ስንት ዓመት እንደ ተጤሰ ይመሰክራል። ያው ጥቀርሻ ከእንጀራ ጋጋሪዋ ፊት ላይም ያርፋል። የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጅ አቈጣጠር ለ2020 ባወጣው ግምት፥ በቤት ውስጥ በሚነድድ ማገዶ ጢስ ምክንያት በዓለም ላይ በዓመት 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰው ይሞታል። ስለ ቆዳም ቢሆን በቻይና በሁለት አካባቢዎች በሚኖሩ ሴቶች ላይ ተመርምሮ በ2015 የወጣ ጥናት፥ በእንጨትና በድንጋይ ከሰል የሚያበስሉት ሴቶች ፊትና እጅ የቆዳ ሽብሽብ እንደሚበዛበት አሳይቷል። ስለዚህ በአገራችን «ምድጃ አስረጃት» ብትል አንዲት እናት ምሳሌ እየተናገረች ነው ብለን አንለፋት።

እንግዲህ የዱሮው ትምህርት ሁለት ነገሮችን ከጥበቃው ውጭ ትቶ ነበር፤ የቤቱን ጢስና የእግሩን አፈር። የመኪናው ዘመን የመጣው ይህ ሳይለወጥ ነው።

በዚህ አገር አጠገብ ለመንኰራኵር የሚሆን መንገድ የተቈረጠው መጀመሪያ ለመድፍ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ለማድረስ በ1860 ዓ.ም. ከጥቅምት እስከ መጋቢት ሠራዊታቸውን ይዘው ገደል እየደለደሉ፥ ድንጋይ እየፈለጡ፥ የበሽሎን ሸለቆ ተሻገሩ፤ ንጉሡ ራሳቸውም በገዛ እጃቸው ከሠራተኛው ጋር ይሠሩ እንደ ነበር ተጽፏል። መንገዱ ለአንድ ጕዞ የተሠራ ነበረና ከመቅደላ ውድቀት በኋላ የሚያስጠግነው አልተገኘም። ጣልያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በወሎ በኩል የሠሯቸው ጎዳናዎች፥ በ1943 ዓ.ም. የተቋቋመው የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ያስፋፋቸው መንገዶች፥ በመጨረሻም በ2003 ዓ.ም. በተጀመረው የገጠር መንገድ ፕሮግራም እስከ ቀበሌ የደረሱት የጠጠር መንገዶች የመኪናን ጎማ ወደ ደጋው አገቡ።

በዚህ ጊዜ አየሩ ተለወጠ። በቅሎ የምታስነሣው አቧራ ወዲያው ይወርዳል፤ በጠጠር መንገድ ላይ የሚሮጥ የጭነት መኪና የሚያስነሣው ግን እንደ ደመና ተንሳፎ ይቆያል፤ መንገዱ ዳር የሚሄደው እግረኛ፥ ይልቁንም ጧትና ማታ የሚመላለሰው ተማሪ፥ በውስጡ ያልፋል። ከአቧራው ጋር የናፍጣው ጥላሸት አለ። ይህ ጥላሸት ከአንድ ሚሊሜትር ሺኛ እጅ፥ ማለትም ከአንድ ማይክሮን፥ እንኳ የሚያንሱ ቅንጣቶች ያሉበት ነው፤ የሰው ጠጕር ውፍረት 70 ማይክሮን ያህል መሆኑን ስናስብ የነጠላ ድርና ማግ ለእንዲህ ያለው ቅንጣት የተከፈተ በር እንደ ሆነ እንረዳለን። በጀርመን አገር ዕድሜያቸው ከ70 እስከ 80 በሆነ 400 ሴቶች ላይ ተመርምሮ በፈረንጅ አቈጣጠር በ2010 የታተመ ጥናት፥ የመኪና ጥላሸት በበዛበት ሠፈር የኖሩት ሴቶች በግንባራቸውና በጕንጫቸው ላይ ያለው ጥቍር ነጠብጣብ ከሌሎቹ ከመቶ 20 እጅ ያህል እንደሚበልጥ አመልክቷል። በእኛ አገር ማድያት የሚባለው የፊት ጥቍረት ከዚህ ጋር አንድ ነገር ነው ማለቴ አይደለም፤ ማድያት ከፀሓይና ከእርግዝና ጋር የታወቀ ግንኙነት አለው። ነገር ግን ፀሓዩ በበረታበት ከፍታ ላይ ጥላሸት ሲጨመርበት በቆዳው ላይ የሚደርሰው አንድ ጉዳት ብቻ አይደለም።

ቅቤም በዚህ አየር ውስጥ ጠባዩን ይለውጣል። በጥላሸት ላይ ያሉት ብዙዎቹ ጎጂ ነገሮች በውኃ ሳይሆን በቅባት የሚሟሙ ናቸው፤ ስለዚህ ቅባት የበዛበት ጕንጭ በመኪና ጎዳና ዳር ሲውል የሚያርፍበትን ሁሉ ይዞ ይቈያል። ቅባቱ ቀላል ሆኖ ማታ ሲገቡ ፊት በውኃና በለስላሳ ሳሙና ቢታጠብ፥ ነጠላውም ደጋግሞ ቢታጠፍና ቶሎ ቶሎ ቢታጠብ የዱሮው ጥበቃ አሁንም ብዙ ይጠቅማል። ነጠላን ለማጠቢያ አባቶቻችን እንዶድ ነበራቸው፤ እንዶድ ግን ለልብስ እንጂ ለፊት አይሆንም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመው የመስኮቱ ነገር ነው። በአውቶቡስም ሆነ በትንሹ ታክሲ ውስጥ አንድ መንገደኛ መስኮት ከከፈተ ከኋላው «ኧረ ዝጋው ወንድሜ፥ ንፋስ ገባ» የሚል ድምፅ መሰማቱ አይቀርም። ይህ የምች ትምህርት በመኪና ውስጥ ሲናገር ነው። በጠጠር መንገድ ላይ ትእዛዙ ትክክል ነው፤ የተዘጋ መስኮት አቧራውን ይመልሳል። ሆኖም መኪናው በመናኸሪያ ቆሞ ሞተሩን እያስነሣ ሰው እስኪሞላ ሲጠብቅ፥ በዙሪያው ያሉት የሌሎች መኪኖች ጢስ በበሩ ገብቶ እዚያው ይታመቃል፤ የሳል በሽታ ያለበት ሰው ትንፋሽም እንዲሁ። ምችን የሚፈራ ሰው እዚህ ላይ ንፋሱን ከልክሎ ጢሱን አስገብቷል፤ በጎጆው ውስጥ ያደርገው የነበረውም ይህንኑ ነው። የልማዱን መሠረት ሳያውቁ መንገደኛውን ከመስደብ፥ መኪናው ሲሮጥ ዝጉ፥ ሲቆም ክፈቱ ማለት በቋንቋው እንደ መናገር ይሆናል።

መኪናው አቧራውን ሲያመጣ ለእግረኛው አንድ ነገር ትቶለታል፤ አርጅቶ ከተጣለው ጎማ የሚሠራው በረባሶ ብዙ ባላገር ከባዶ እግሩ ያወጣ ጫማ ነው። ዱሮ ጫማ የማዕርግ ነገር እንኳ አልነበረም፤ መኳንንቱ ራሳቸው የእግራቸውን አውራ ጣት በእርካብ አግብተው ባዶ እግራቸውን ይቀመጡ ነበር። ጌታውን ግን በቅሎዋ ከአፈሩ ለይታዋለች። በረባሶ እሾህና ድንጋይ ይከለክላል፤ ከላይ ክፍት ስለ ሆነ ግን አፈሩን አይከለክልም።

የአፈሩ ጉዳት ምን እንደ ሆነ የታወቀው በቅርብ ጊዜ ነው። በደጋው አገር የእግር እብጠት ዝሆኔ ይባላል፤ ምክንያቱም እርግማን፥ የዘር ነገር ወይም የረገጡት ክፉ መንፈስ እየተባለ ሲነገር ኖሯል። በሌላው ዓለም ዝሆኔ በትንኝ ከሚተላለፍ ትል ይመጣል፤ ትንኟ በማትኖርበት ብርድ አገር ለምን እንደሚገኝ ግን ግራ ያጋባ ነበር። በኢትዮጵያ የሠራው እንግሊዛዊ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጠረ ቀይ ሸክላ አፈር ባለበት፥ ከ1000 ሜትር በላይ ከፍ ባለና ዝናብ በሚበዛበት አገር ባዶ እግራቸውን የሚሄዱ ሰዎችን በሽታ መሆኑን አስረዳ። ደቃቁ የአፈር ቅንጣት በውስጥ እግር ቆዳ በኩል ገብቶ የእግሩን የሊምፍ ቧንቧ ያቈስላል፥ ቧንቧውም ሲደፈን እግር ያብጣል። ፕራይስ ለበሽታው ፖዶኮኒዮሲስ የሚል ስም አወጣለት፤ በግሪክኛ የእግር አቧራ እንደ ማለት ነው። በመጀመሪያዎቹ ጥናቶች ሕሙማኑ የተቈጠሩት በገበያ ቀን ነበር፤ መርማሪዎቹ በገበያው ቆመው የሚያልፈውን ሰው እግር ይመለከቱ ነበር። ለባህል ተመራማሪ ይህ ዘዴ ብዙ ያስተምራል፤ በደጋው አገር ሕዝቡ ሁሉ በአንድ ቀን በእግሩ የሚታይበት ቦታ ገበያ ብቻ ነውና።

በፈረንጅ አቈጣጠር በ2013 በመላ አገሪቱ በተደረገው ጥናት 1315 መንደሮች ተመርምረው በ345 ወረዳዎች በሽታው ጸንቶ መገኘቱ ታውቋል፤ የሕሙማኑም ብዛት 1.5 ሚሊዮን ያህል ተገምቷል። በ2012 የወጣ ሌላ ምርምር አንዳንድ ሰዎች ከወላጆቻቸው በወረሱት ጠባይ ምክንያት ለአፈሩ ይበልጥ የተጋለጡ መሆናቸውን አስረድቷል። ባላገር «ከዘር ነው» ማለቱ እንግዲህ ከእውነቱ ግማሹን የያዘ ነበር፤ ግማሹ ግን ብዙ ጉዳት አደረሰ። ዝሆኔ ካለበት ቤት ልጅ አይዳርም፥ ልጅ አይታጭም፤ ሕመምተኛው ከሠርግና ከለቅሶ ራሱን ያርቃል። የሚሸፈን ጫማ ያደረገ ልጅ ግን ከዚያው ዘር ተወልዶ በሽታውን ሳያይ ሊኖር ይችላል።

ፊቱን እንዲህ አጥብቆ የጠበቀ ሕዝብ እግሩን ፈጽሞ ረስቶት ነበር ማለት ግን አይቻልም። እንግዳ ከመንገድ ሲገባ እግሩን ማጠብ የታወቀ ደንብ ነበር። የቤቱ ልጅ ወይም ሎሌው ለብ ያለ ውኃ አምጥቶ፥ ተንበርክኮ፥ የእንግዳውን እግር እስከ ቍርጭምጭሚቱ ያሽ ነበር፤ እንግዳውም ልጁን ይመርቃል። የምስጋናው ቃል ሁሉ ስለ ክብርና ስለ ድካም ነው፤ ስለ አፈሩ የሚናገር የለም። ዛሬ ዝሆኔን ለማስታገስ ሐኪም የሚያዘው ይህንኑ ነው፤ በየቀኑ እግርን በውኃና በሳሙና አጥቦ ማድረቅ፥ ቅባት መቀባት፥ ካልሲና የሚሸፈን ጫማ ማድረግ። ከመካነ ሰላም ዓባይን ተሻግሮ በሚገኘው በምሥራቅ ጎጃም 696 ሕሙማን የተካፈሉበትና በፈረንጅ አቈጣጠር በ2018 ውጤቱ የታተመ ጥናት፥ ይህን ያደረጉት ሰዎች ከሌሎቹ ይልቅ እግራቸው እየተቃጠለና እያተኰሳቸው የሚተኙባቸው ቀኖች እንደ ቀነሱላቸው አረጋግጧል።

የዱሮው እጥበት ግን ለእንግዳ ነበር፤ ከእርሻ የተመለሰው አባወራ አልፎ አልፎ፥ ውኃውን የቀዳችው ሴት ደግሞ ከሁሉ በኋላ ነው የሚደርሳት። ዛሬ እንሥራው በጀሪካን ተለውጧል፤ ውኃው ከሩቅ በሚመጣበት ቤት ግን መጀመሪያ ለወጥና ለሊጥ፥ ከዚያም ለከብት፥ ከዚያም ለልብስ ይሆንና፥ የተረፈ እንደ ሆነ ለእግር ይሆናል።